ኪኒን በባዶ ሆድ

ሰኞ፣ ጥር 6

ሱቅ ከፈትኩ። ሱሪ አሳጠርኩ፣ ዚፕ ቀየርኩ። የዚፑ ባለቤት "ዛሬ ካልደረሰ ሞቼ ነው የምገኘው" አለኝ። ለዚፕ የሚሞት ሰው አይቼ አላውቅም። ደረሰለት፤ አልሞተም።

ጠዋት ጠዋት የቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥሩ ላይ ድርቅ ይልብኛል። መቀሱ ሲከፈት ምንም አይል፤ ሲዘጋ ነው ጉዱ። አምና ሐኪሙ "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው" ብሎ ኪኒን አዞልኝ ነበር። "ሲብስብዎት ብቻ፣ ለጥቂት ቀን" ብሎ። ሲያልቅ ራሴ መግዛት ጀመርኩ። ሲብስብኝ ማለት መቼ ነው? እኔ እንደሆንኩ በየቀኑ ብሶብኛል... የክር መሳቢያው ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ረዳቴ ባቡር እንዳታይብኝ።

ባቡር ዛሬም ሳታቆም ስትሰፋ ዋለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የስፌት መኪናዋ ላይ አንዴ ከተነሳች ጣቢያ እስክትደርስ ማንም አያስቆማትም። መስፋት እንጂ መቁረጥ አላስተማርኳትም። መቁረጥ የኔ ነው። ጨርቁን አበላሽተሽ ብትሰፊው ይፈታል፤ አበላሽተሽ ከቆረጥሽው ግን አለቀ።

ከሰዓት ትልቅ ሥራ መጣ። የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊዋ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ ራሷ መጥታ ለተመራቂዎቿ ነጭ ጋውን አዘዘች። ለክፍሉ በሙሉ! "ለምረቃው ይደርስልናል?" አለች። "ይደርሳል።" አፌ ሲፈጥን... እጄን እንኳ ሳላማክር።

ማታ ልጄ መጣ። ነገርኩት። ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። "እማዬ፣ በዚያ እጅሽ? ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ነይ አልኩሽ እኮ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።" ክፍሉ! መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ክፍል። ምን ልሆንበት ነው? ግድግዳ ልጠብቅ? እልህ ያዘኝ። "ይህን ሥራ በገዛ እጄ ቆርጬ ካስረከብኩ ሁለተኛ ዝጊ አትለኝም። ካቃተኝ የሱቁን ቁልፍ እሰጥሃለሁ" አልኩት።

"እሺ" አለኝ። ወዲያው እሺ ማለቱ ነው ያበሸቀኝ። እንደማልችል እርግጠኛ ነው ማለት ነው።

እቆርጠዋለሁ። አንዱም ሳይቀር።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ነጩ ጣቃ መጣ። ሲነኩት እንዴት ያለ ጨርቅ ነው!

ባቡርን አስጠነቀቅኳት፦ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ እህል ውሃ ክፍሉ ውስጥ አይገባም። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሕግ ነው። እሳቸው ዘንድ ነጭ ላይ አንዲት ፍርፋሪ ከተገኘች ሰውየው ከነኮቱ ይባረራል። "ነጭ ይቅር አይልም" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ባቡር በምሳ ሰዓት ወጥታ ትበላለች። እኔ አልወጣም። እጄ አንዴ ከሞቀ መቀጠል አለበት፤ ካረፈ ይደርቅና ተመልሶ እስኪፍታታ ጀምበር ታዘቀዝቃለች። ውሃም አልጠጣም። ውሃ የጠጣ ሰው ይመላለሳል፤ የደም ግፊት መድኃኒቴ ደግሞ እንደሁ ራሱ የሚያሸና ነው። ስለዚህ ጠዋት ኪኒኖቼን በአንድ ጉንጭ ውሃ አወራርጄ እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። በቃ።

ሐሙስ፣ ጥር 9

ቆረጥኩ። ጥርሴን ነክሼ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ባቡር ማቃሰቴን እንዳትሰማ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

በር ላይ ቆሜ እጄን ሳራግፍ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው አየኝ።

"ምነው እጅሽን እንደ እርጥብ ጨርቅ ታራግፊዋለሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ደህና የሆነ ሰው እጁን አያራግፍም።" ገባና ከኮቱ ኪስ ቢጫ ኪኒን ይዞልኝ መጣ። ለጉልበቱ የታዘዘለት ነው። "ተራራ ያስወጣል" አለኝ። እኔም የራሴ እንዳለኝ ነገርኩት። "ታዲያ ምን ቸገረሽ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባል!"

አሰብኩበት። የኔ ነጭ ነው፣ የሱ ቢጫ። ስማቸውም አይገናኝ። ክር እንኳ ቀለሙ ከተለየ ቦታው ይለያል። አንዱ ለእጅ አንዱ ለጉልበት ይሆናል... ጉልበቴም ቢሆን መች ደህና ነው? ቀኑን ሙሉ እንደ ምሰሶ ቆሜ።

ሁለቱንም ዋጥኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

እሰይ! እጄ ተመለሰ!

መቀሱ ጨርቁን እንደ ቅቤ ሲቆርጠው... የልጅነቴ እጅ ነው የመሰለኝ። ባቡር መኪናዋን አቁማ አየችኝ፤ ባቡር ስታቆም አስቡት እንግዲህ። (ማንን ነው አስቡት የምለው? ራሴን!)

"እትዬ፣ ዛሬ ምን በልተው ነው?"

"ምንም አልበላሁ።"

እውነቴን ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም። ጫማ ሰፊው እሽጉን ከነምኑ ሰጥቶኛል፤ ጠዋት አንድ አንድ፣ ማታ አንድ አንድ እያደረግኩ ነው። ልጄ መጥቶ ባየኝ።

አርብ፣ ጥር 17

ሆዴን ያቃጥለኛል። ከእምብርቴ ከፍ ብሎ። ማታ የጠጣሁት ሾርባ ይሆናል፤ ቃሪያ በዝቶበት ነበር።

ጫማዬ ጠበበኝ። ጫማ ሰፊውን "ጫማዬን ምን አደረግከው?" ብዬ ጮህኩበት። "ጫማ አይጠብም፣ እግር ነው የሚያብጥ" አለኝ። ቀልደኛ።

ግማሹን አልፌያለሁ። ግማሹ የዋዛ አይደለም።

እሁድ፣ ጥር 19

ልጄ ፍራፍሬ ይዞ መጣ። ሚስቱ ሰላም ብላሃለች... ብላኛለች። ምን እየጻፍኩ ነው? ራሴን ቀለል ይለኛል ዛሬ።

"ፊትሽ ገርጥቷል እማዬ።"

"ብርሃኑ ነው።"

"እጅሽስ?"

ብርቱካን ላጥኩለት፣ በፍጥነት፣ ልጣጩ ሳይቆረጥ። እየው፣ ልበለው ብዬ። ሲላጥ እጄን እንጂ ብርቱካኑን አላየም። ብዪ ብሎ አንዱን ለኔ ሲያቀብለኝ መዋጥ አቃተኝ፤ ሆዴ እሳት ነው። ሳይታይብኝ መሃረብ ውስጥ ደበቅኩት። ይህ ሁሉ ድካም ምን ይባላል? ግን ቁልፉን ለመስጠት ነው ወይ ይህን ያህል የመጣሁት? አይደረግም።

ማክሰኞ፣ ጥር 21፣ ጠዋት

ለወረቀት እንኳ የሚያሳፍር ነገር ነው። መጸዳጃ ቤት... ጥቁር። እንደ ሬንጅ። ትናንትም እንደዚያው ነበር። ምን በላሁ? ምንም አልበላሁ እኮ!

ደረጃ ስወርድ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ጥቂት ነው የቀረኝ። ይህን ሳምንት ልለፈው ብቻ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ሆስፒታል ነኝ። ግሉኮሱ ቀኝ እጄ ላይ ስለተሰካ በግራ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ሆኗል።

ማክሰኞ ሲስተር ልክ ልታይ መጣች። ጋውኑን ልታይ ነበር የመጣችው፤ እሷ እቴ፣ ያየችው እኔን ነው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን። ቀጥሎ የዓይኔን ሽፋን በጣቷ ዝቅ አድርጋ፣ ሳታስፈቅደኝ።

"ምን ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"የግፊት።"

"ሌላ?"

ጨርቁን ማስተካከል ጀመርኩ። ባቡር ከመኪናዋ ተነስታ ሄደችና የክር መሳቢያውን ስባ አወጣችው። ለካ ታውቅ ኖሯል! ነጩም ቢጫውም ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፣ ከነጭ ጨርቁ ላይ።

"ሆድዎን ያቃጥልዎታል? ሰገራዎ ጠቁሯል?"

በባቡር ፊት! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ትንሽ" አልኩ። ትንሽ ጠቁሯል የሚባል ነገር አለ እንዴ? ሲስተር ስልኳን አወጣች። "አሁን ነው የምንሄደው" አለችኝ። "ይቺን እጅጌ ልጨርስ" አልኩ። ባቡር መቀሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከኔ ነጥቃ አታውቅም።

በአፌ ቱቦ አስገብተው አዩ። ጨጓራዬ ቆስሎ ይደማል። ጥቁሩ ነገር ደም ነው አሉኝ፤ ሆድ ውስጥ ሲቆይ ይጠቁራል። እኔ ቃሪያ ነበር ያልኩት። የሰው ደም ሰጡኝ። የማን ይሆን? ማንም ይሁን፣ እድሜ ይስጠው።

አርብ፣ ጥር 24

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጄም ነበር።

"ነጩና ቢጫው አንድ ናቸው እናቴ" አለኝ። "ሁለቱም የብግነት ማስታገሻ ናቸው። ስማቸው ቢለያይ ወንድማማች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስዱ ሕመሙ በእጥፍ አይጠፋም፤ ጉዳቱ ነው የሚደራረበው።"

"በባዶ ሆድ ስለዋጥኩት አይደለም?"

"እሱም አላገዘም። ግን ምግብ ማቃጠሉን ቢቀንስ ነው እንጂ ከቁስል አያድንም። መጠኑ፣ መደራረቡ፣ ለረጅም ጊዜ መወሰዱ፣ ደግሞ ዕድሜዎ... 'ለጥቂት ቀን' ተብለው አልነበር?"

ተብያለሁ።

ኩላሊቴም ተቆጥቷል። የሚያሸናው የግፊት መድኃኒቴ፣ በላዩ ላይ ይህ ማስታገሻ፤ ውሃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የለም። "ለምንድን ነው ውሃ የማይጠጡት?" አለኝ። ስለ ነጭ ጨርቁ ሕግ ነገርኩት። ልጄን አየው። ልጄ ወለሉን አየ። ይህን የመሰለ ምክንያት ሰምቶ አያውቅ ይሆናል።

እግሬ ያበጠውም ከዚሁ ነው። ይኸው፣ ጫማ ሰፊው እውነቱን ኖሯል።

ሰኞ፣ ጥር 27

ልጄ ቤት ነኝ። ግድግዳውን የሚያየው ክፍል።

ከሆስፒታል ስንወጣ መኪናው ውስጥ ቁልፉን ሰጠሁት። አልጠየቀኝም። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ የወለድኩት አንድ ስለሆነ ቁልፉን ሰጠሁ።

አላመሰገነኝም፣ ደስም አላለው። ኪሱ ውስጥ ከተተና መንዳት ጀመረ። ቀይ መብራት ላይ አፍንጫውን ጠረገ። ጉንፋን ነው አለኝ።

እኔም አለቀስኩ፣ ማታ፣ ትራስ ነክሼ። ለሆዴ አይደለም። ለጠረጴዛዬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 29

እጄ ያመኛል። አሁን የሚሸፍነው የለም። ነጩም ቢጫውም ተከልክሏል። የሆድ አሲድ የሚቀንስ ኪኒን አለ፣ ለቁስሉ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ በልኩ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እጄን እነክራለሁ። አውራ ጣቴን የሚደግፍ ማሰሪያም ሰጥተውኛል፤ እንደ ቦክሰኛ ሆኛለሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አሰብኩ፦ ይህ እጅ የኔ ነው፣ ሌላ የለኝም። በጉልበት አልሆነም። እንግዲህ በብልሃት ልሞክረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል... ሮጬ ነበር የታጠቅኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

መድኃኒት ቤት ሄድኩ፣ በእግሬ። ከቤቴ ያስመጣሁትን መድኃኒት በሙሉ ፌስታል ውስጥ ጨምሬ። ባንኮኒው ላይ ገለበጥኩት። ልጅቷ ወጣት ናት፤ ፋርማሲስት ናት ብዬ ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

"ከዚህ ውስጥ ጠላቴን ለይልኝ" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም። አንዱን አነሳች፣ ወደ ጎን። ሌላውን፣ ወደ ጎን። ለጉንፋን የገዛሁትን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ ሳይቀር!

"ይሄ ደግሞ ምን አደረገ? የጉንፋን ነው እኮ።"

"ውስጡ ያው ማስታገሻ አለበት እማማ። ይኸው።" በደቃቁ የተጻፈውን አነበበችልኝ። መነጽሬን አድርጌ ራሴም አየሁት። እውነት።

ፓራሲታሞሉን ወደ ራሴ ወገን መለሰችው። "ይሄ የዚያ ቤተሰብ አይደለም። ግን እሱም ልክ አለው፤ ከበዛ ጉበት ይጎዳል። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አብሮ ስላለ ሳያውቁት እንዳይደራረብ።" ቀጥላ ደግሞ፦ "ወደየትም መድኃኒት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚሉት 'ጨጓራዬ ደምቶ ያውቃል፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ' ነው። እነሱ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ይበሉ።"

"በሰው ፊት?"

"በሰው ፊት።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እናቴ ስትለው ኖራለች፤ እኔም ለሰው ስለው ኖሬያለሁ። ለራሴ ነው ያላልኩት።

እሁድ፣ የካቲት 3

ባቡር ልትጠይቀኝ መጣች። ጨዋታ ስታበዛ ጊዜ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"ጋውኖቹስ?" አልኳት።

"የቆረጡትን ሰፍቼ ጨርሻለሁ እትዬ። የቀረው... ሱቁ ተዘግቷል። ሲስተርን ሌላ ቦታ ይውሰዱት አልኳቸው። 'እሳቸው ይድናሉ፣ እጠብቃለሁ' አሉኝ።"

እንባዬ መጣ። ሲስተር እንዲያ ማለቷ! ለኔ!

"ግን እኔም ከሱቁ ውጪ ምን አለኝ እትዬ?" አለችኝ ባቡር። ይህን አስቤው አላውቅም። ሱቁ ከተዘጋ የኔ ጠረጴዛ ብቻ መስሎኝ የሚዘጋው።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ልጄ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅኩት። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ።

"ቁልፉን መልስልኝ።"

"እማዬ፣ ተሸንፈሻል እኮ።"

"ተሸንፌያለሁ። ማን ካደ? ቁልፉን ግን መልስልኝ።"

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ደግሞ ተቆጣ። "ልትሞቺ ነበር! ደም ነው የተሰጠሽ! ለጋውን!"

"ለጋውን አይደለም" አልኩት። "እንዳይታይብኝ ብዬ ነው። አንተ አመመኝ የምትለዋን ቃል ከአፌ ጠብቀህ ሱቄን ልትዘጋ ቆመሃል፤ እኔ ደግሞ ቃሏን ዋጥኳት። ከኪኒኑ እኩል የዋጥኩት እሷን ነው። እዚህ ክፍል ብታስቀምጠኝም እውጣታለሁ። ደህና ነኝ እያልኩህ አረጃለሁ።"

ግድግዳውን ተደገፈ። ድምፁ ወረደ። "አባዬም ደህና ነኝ እያለ ነው የሄደው" አለኝ። "እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ ደህና ነኝ ነበር የሚለው። እኔ ሱቁን ጠልቼ አይደለም። ፈርቼ ነው።"

ይህን ያህል ዘመን ከአንድ መሶብ በልተን፣ መፍራቱን አልነገረኝም። እኔም መታመሜን አልነገርኩትም። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

"ከዛሬ ጀምሮ ሲያመኝ አመመኝ እልሃለሁ" አልኩት። "አንተ ደግሞ አመመኝ ባልኩ ቁጥር ዝጊ አትበለኝ። ብቻዬን ደግሞ አልቆርጥም። ባቡር ትቆርጣለች።"

እራት በላን። ሊተኛ ሲል ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "ይህ ሥራ እስኪያልቅ" አለኝ።

እስኪያልቅ። ከዚያስ? አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሱቄ! አቧራው እንኳ ናፍቆኛል።

በጠመኔ አሰመርኩ፤ መቀሱን ለባቡር ሰጠኋት። ያቺ መኪና ላይ ማንንም የማትፈራ ልጅ መቀሱን ይዛ ወደ ኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ባበላሽስ?"

"ታበላሺና ትማሪያለሽ። እኔም የሽማግሌውን ሱፍ አበላሽቻለሁ።"

"ምን አሉዎት?"

"የሚጻፍ አይደለም።"

ቆረጠች። አንደኛው አንገት ትንሽ ዘመመ። አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ፣ እንዳልጮህ። ሁለተኛው ቀና። ሦስተኛውን ከኔ አልለየውም... እሺ፣ እለየዋለሁ፣ ግን ሌላ ሰው አይለየውም።

በምሳ ሰዓት ነጩን በንጹሕ አንሶላ ሸፈንነውና ሁለታችንም ወጣን። በረንዳው ላይ ዳቦና እንቁላል በላን፣ ውሃ ጠጣን፣ እጃችንን በሳሙና ታጠብን፣ ገባን። ይኼው ነው። ነጩ ምንም አልሆነ። ሽማግሌው ከመቃብር አልተነሱ። ይህን ያህል ዓመት ይህን ማሰብ እንዴት አቃተኝ? እጄም ስታርፍ ደረቀች፤ እውነት ነው። በለብ ያለ ውሃ ትንሽ አፍታታኋትና ተመለሰች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ሲሸሸኝ ነበር።

"እኔ ደግ ልሁን ብዬ ነበር" አለኝ።

"ደግነትህ ሆዴን በሳው።" ሳቅኩ፣ እንዳይከፋው። "ያንተ ያንተ ነው፤ ላንተ ጉልበት፣ ላንተ ሆድ፣ ሐኪም አይቶ ያዘዘው። ቆይ አንተስ፣ ስንት ጊዜ ነው የምትወስደው?"

"ሲያመኝ።"

"መቼ ነው የሚያምህ?"

"ሁልጊዜ።"

ወይ ጉድ! ራሴን አየሁት። ወዲያው ክንዱን ይዤ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጋ ወሰድኩት። እዚያ ስደርስ ጮክ ብዬ "ጨጓራዬ ደምቶ ያውቃል፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ!" አልኩ። ሰው ዞሮ አየን። ልጅቷ "ዛሬ ምን ፈልገው ነው እማማ?" አለችኝ። "ለኔ ምንም። እሱ እንዲለምድ ነው።"

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ሐኪም ቤት። ኩላሊቴ ተመልሷል። ቁስሉም እየሻረ ነው። የሚዋጠውን የብግነት ማስታገሻ ግን ይርሱት አለኝ፤ ለኔ ዓይነት ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ባይሆን የሚቀባ አለ። ለእጅ ይረዳል፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፣ ግን እሱም መድኃኒት ነው፤ በተባልኩት ልክ፣ በተባልኩት ጊዜ። ሆዴን ካቃጠለኝ ወይ ሰገራዬ ከጠቆረ ሳልውል ሳላድር መምጣት።

"ከቀቡ በኋላ እጅዎን ቶሎ አይታጠቡ" አለኝ።

"ነጭ ጨርቅ ነው የምነካው እኮ!"

አሰበ። ሰውየው ቁጭ ብሎ ስለ ጨርቄ አሰበ! ቅባቱን ሱቅ ከመክፈቴ ብዙ ቀደም ብዬ እንድቀባ፣ ደርቆ ሲቆይ ታጥቤ እንድገባ፣ ማታ ደግሞ ቤት ስገባ እንድቀባ ተስማማን። ውል እንደዚህ ነው እንጂ።

አርብ፣ የካቲት 29

አስረከብን።

ባቡር የመጨረሻውን ጋውን ስትተኩስ ዘፈነች። ድምፅ የላትም፤ ግን ማን ይከልክላት? ሲስተር አንድ በአንድ እያነሳች ስፌቱን አየች፣ አንገቱን አየች። የዘመመውን አንገት ፈትተን አስተካክለነው ነበር፤ አላገኘችውም። ከዚያ እኔን አየች። ቁርጭምጭሚቴን፣ ደግሞ የዓይኔን ሽፋን።

"አሁን ጥሩ ነው" አለች። ጋውኑን ይሁን እኔን አልነገረችኝም።

ወደ ራሴ ቤት ከተመለስኩ ሳምንት ሆኖኛል፤ ልጄ ማታ ደወለ። እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ስለ ቁልፉ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። ሥራው አልቋል እንግዲህ... ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለታችንም እንዳላየን ሆነናል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ክፉ ጠዋት። ሌሊቱን ቅዝቃዜ ነበር፤ ስነቃ ቀኝ እጄ ጡጫ ሆኖ ቀርቷል። ሻይ መቅዳት አቃተኝ። ቁርሴን በግራ በላሁ። ፓራሲታሞሌን ወሰድኩ፣ ከታዘዘልኝ ሳላሳልፍ። ቅባቱን ቀባሁ። እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ላላ... ብዙም አይደለም።

ባቡር ዛሬ ፈቃድ ናት፣ እህቷ ወልዳለች። የሱቁ በር ደግሞ ወደ ላይ የሚገፋ ብረት ነው። በዚህ እጅ?

ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። አነሳሁ። ልጄ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ? ምነው በጠዋቱ?"

"አመመኝ" አልኩት። "እጄ ክፉኛ አሞኛል ዛሬ። ሆዴ ደህና ነው። መድኃኒቴን ወስጃለሁ። ግን አመመኝ።"

አሁን 'ዝጊ' ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"የት ነሽ?"

"ወደ ሱቅ ልሄድ ነው።"

"ጠብቂኝ እዚያ።"

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን በእጁ ይዞ፣ ሮጦ መጣ። የታጠፈውን እጄን አየው። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ።

"ቁልፉን አምጪ።"

አለቀ አልኩ በሆዴ። አልተከራከርኩም፤ እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ሌላ የምለው የለኝም። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

ጎንበስ አለና ጓጉንቸሩን ከፈተው። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ገፋው፤ እየተንጓጓ ወጣ። ክራቫቱን በሱቁ የልክ መስታወት እያየ አሰረ። ሲወጣ ቁልፉን በማያመኝ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ማታ ስትጨርሺ ደውይልኝ" አለ፣ ወደ ሥራው እየሮጠ።